የጥር ጊዮርጊስ ዕለት የጠፋው መብራት

ባየን የመብራት ምሰሶው ላይ እንዳለ ሞቶ አገኘነው። የወገቡ ቀበቶ አልለቀቀውም፤ አንገቱን ደፍቶ ተንጠልጥሏል። ቦታው ከብቸና ወጣ ብሎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከሥሩ የተሰበሰበው ሰው ይጮሃል፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ልኮራበት አይደለም የምናገረው። በነዚህ ዓመታት ሬሳ ማንሳት የዘወትር ሥራዬ ሆነና ልቤ ደነዘዘ፣ ሌላ ምን ይባላል። ንጋት እባላለሁ፤ የብቸና ፖሊስ ኢንስፔክተር ነኝ።

«ወጥታችሁ አውርዱት» አልኩ።

«ኧረ ቀስ ይበሉ ኢንስፔክተር» አለች ሳጅን ስርጉት። «ሽቦው መብራት ይኑረው አይኑረው ሳናውቅ? አንድ ሬሳ አይበቃንም?»

ልክ ናት። የሞጣው መስመር መብራት ወደሚለቀቅበት ሰብስቴሽን ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው የዕለቱ ተረኛ ገላው ነው።

«አጥፍቼዋለሁ» አለኝ። «አሁን ጠፍቷል። ባየ ነው እንዴ? በሕይወት አለ?»

ዘጋሁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕለቱ የጥር ጊዮርጊስ ነው። ረፋዱ ላይ የሞጣው መስመር መብራት ጠፋ። ባየ የመስመር ሠራተኛ ነውና ብልሽቱን ፈልግ ተብሎ ተላከ። ምሰሶው ላይ ወጥቶ ሳለ መብራቱ ተለቀቀበት። ሰብስቴሽኑ ውስጥ የነበረው ገላው ብቻ ነው። ገላው ደግሞ የባየን እህት ፋንታነሽን ያገባ ሰው ነው። ከቀትር በኋላ ብቸና ውስጥ አንድ ወሬ ብቻ ቀረ፤ ገላው አማቹን ገደለ። የሟቹ የአጎት ልጆች መሣሪያ ይዘው ሲዞሩ ታዩ ሲባል፣ ገላውን ወደ ፖሊስ ጣቢያ አመጣነው። ላስረው ይሁን ላስጥለው ያን ጊዜ እኔም አላውቅም ነበር።

«መብራቱን ማን ለቀቀው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ።»

«እዚያ ውስጥ ማን ነበረ?»

«እኔ ብቻ።»

«ታዲያ?»

«በራሱ ነው። ቷ! ሲል ሰማሁ። ዞር ስል መስመሩ ተለቋል።»

ስርጉት አየችኝ። መብራት በራሱ ሲጠፋ ሁላችንም እናውቃለን፤ በራሱ ሲመጣ ግን ማን አይቶ።

«ባየ ምሰሶው ላይ እንደሚወጣ ታውቅ ነበር?»

«ከመውጣቱ በፊት ደውሎልኛል። ‹ራሴ እስክደውልልህ እንዳትነካ› አለኝ፣ ‹እሺ› አልኩት።»

«መብራት ድንገት ቢመጣ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ ታስሩ የለም እንዴ?»

«አለ። አንድ ነው ያለን፣ እሱም ሞጣ ነው። እኛ ሁልጊዜ በስልክ ነው የምንሠራ።» ገላው እጆቹን አያቸው። «ባየ ‹መስመሩ አማቼ እጅ ላይ ነው፣ ሽቦ ምን ያደርግልኛል› ይል ነበር።»

በኛ አገር ሰው ከብረት ይልቅ በዘመድ ይተማመናል። እኔም ብሆን ያው ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፋንታነሽ ምግብ ይዛ ጣቢያው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃለች። እንባ የላትም፤ አልቅሳ ጨርሳለች መሰለኝ።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለችኝ። «የማበላው ባሌን ነው ወይስ የወንድሜን ገዳይ?»

«አላወቅሁም።»

«እንግዲያው ቶሎ ይወቁልኝ። ገድሎ ከሆነ ልጄን ይዤ ከቤቱ እወጣለሁ። ካልገደለ ግን በቃል ‹አልገደለም› ብለው እንዳይለቁት። እነ አጎቴ በቃል አያምኑም፤ ከዚህ በር ሳይርቅ ይጥሉታል። በሁለቱም ቀባሪዋ እኔ ነኝ።»

ምግቡን ለዘበኛው ሰጥታ ሄደች። ባሏን ልይ አላለችም።

ከደብረ ማርቆስ አንዲት ኢንጂነር ተላከችልን። ጸደንያ ትባላለች፣ የሐዋሳ ልጅ ናት። ሰብስቴሽኑ ውስጥ መስመሩን ቀን ከሌት የሚለኩ ሴንሰሮች አሉ፤ የለኩትን ሁሉ አንድ ሳጥን ይመዘግበዋል። እሷ ያንን ላፕቶፗ ላይ አውጥታ አሳየችን።

«ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ሲወድቅ እንዲህ ነው» አለች። «ከረንቱ ድንገት ይዘልላል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ከዚያ ማቋረጫው፣ ብሬከሩ፣ መስመሩን በራሱ ያጠፋዋል። ሰው ሆን ብሎ ሲያጠፋው ግን ዝላይ የለም። ጭጭ ነው።»

«የጥር ጊዮርጊሱስ?»

«ይኸው ዘልሏል። እውነተኛ ብልሽት ነው፣ ማንም እጁን አላስገባበትም። ቦታውንም ሳጥኑ አስልቶታል፤ ባየ የወጣበት ምሰሶ አጠገብ ነው።»

«መብራቱ ሲለቀቅስ?»

«ሲለቀቅ መለቀቁን ብቻ ነው የሚመዘግበው። ማን እንደለቀቀው አይናገርም።»

ጥሩ ዜና አልነበረም። ብልሽቱ እውነተኛ ከሆነ የተንኮል ነገር የለም ማለት ነው፤ የሚቀረው የገላው እጅ ብቻ ነው። ሞጣ ላለው የቴክኒክ ኃላፊ ለአቶ ደምለው ደወልኩ። ባየንም ገላውንም የሚያዛቸው እሱ ነው፣ ዕለቱንም ባየን የላከው እሱ ነው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ ኢንስፔክተር» አለኝ። «ማሽንም እንደዚያው ነው። ቅርንጫፍ ነው ካለ ቅርንጫፍ ነው። መልቀቁን ግን… ምን ልበልዎ፣ ገላውን እወደው ነበር።»

«ነበር» ማለቱን ስነግራት ስርጉት አልወደደችውም። እኔ እንኳ ነገሬም አላልኩት።

ቅርንጫፉን ልንፈልግ ሄድን። ምሰሶው አጠገብ የሚያርሱት አያ አካለ ወልድ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ገና ሲያዩን ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አያ፣ እዚህ ሽቦው ሥር ዛፍ ነበር?»

«የምን ዛፍ? እኔ ዛፍ አልቆረጥሁም።»

«ቆረጡ መቼ አልንዎ!» አለች ስርጉት።

አጥሩን ይዛ ዞረችና ገለባ የተከመረበት ቦታ ስትደርስ ጠራችኝ። ገለባውን በእግሯ ስትገልጠው የባሕር ዛፍ ጉቶ ነው። ደስ አለኝ ልበል? ያው፣ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ሽማግሌው ያን ቀን ዛፍ ሲጥሉ ቅርንጫፉ ሽቦውን ነክቷል፣ ፈርተው ደብቀውታል፣ አለቀ።

«ኢንስፔክተር፣ ጎንበስ ብለው ይዩት» አለች ስርጉት።

ከጉቶው ሥር አዲስ ቡቃያ ወጥቶ ጉልበት አልፏል። ትናንት የተቆረጠ ጉቶ አይደለም።

«አያ፣ መቼ ነው የቆረጡት? እውነቱን ይንገሩኝ፣ እኔ የደን ሰው አይደለሁም።»

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ። «ነሐሴ ላይ መብረቅ መታው። ቅርንጫፉ ሽቦው ላይ ወድቆ ብቸናን ሁሉ አጨለማት። የመብራት ሰዎች ‹ይነሳ› አሉኝ፣ አነሣሁት። ግንዱን ሸጥሁት። የመንገድ ዛፍ ነው እንጂ የኔ አልነበረም፤ እሱን ፈርቼ ነው።»

«ከዚያ ወዲህ ሽቦውን የሚነካ ሌላ ዛፍ አለ?»

«የት አለና ልጄ! አይታይህም?»

ዙሪያውን አየሁ። የታጨደ ማሳ ነው፣ እስከ ዳገቱ ድረስ አንድ ቁጥቋጦ የለም።

«ባየስ እንዴት ነበር የመጣው?»

«ቀጥ ብሎ። ብልሽት የሚፈልግ ሰው እኮ ከምሰሶ ምሰሶ ቀና እያለ ነው የሚመጣ። እሱ ሌሎቹን ዞር ብሎም አላያቸው፤ እዚህ ነው ተብሎ የተላከ ይመስላል። ‹ደህና ዋሉ አያ› ብሎኝ ወጣ፣ ነፍሱን ይማረው።»

ማሽኑ ቅርንጫፍ አለ፣ አገሩ ዛፍ የለም አለ። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሰው ሲዋሽ አይቻለሁ፤ ማሽን ሲዋሽ ግን አላጋጠመኝምና ጸደንያ ዘንድ ተመለስኩ።

«አሞራም ሊሆን ይችላል» አለች። «ትልቅ አሞራ ክንፉን ቢዘረጋ…»

«ከሥሩ የሞተ አሞራ አልነበረም።»

«በጠራራ ፀሐይ ጅብ ወስዶት ነዋ!» አለች ስርጉት።

ጸደንያ አልሳቀችም፣ ግራፉን መልሳ ከፈተችው። እኔም ሥራ ስፈታ አፈጠጥኩበት። ከዝላዩ በፊት ያለው መስመር ወፍራም ነው፣ ይንቀጠቀጣል።

«ይኼ ወፍራሙ ምንድነው?»

«እሱ ተራ ነገር ነው። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት መስመሩ ላይ የነበረው ጭነት ነው። ሞተሮች ሲሠሩ እንዲህ ያደርጋል፤ ወፍጮ ነው መሰለኝ።»

«የምን ወፍጮ?»

«የወፍጮ ቤቶች ነዋ። ጠዋት ጠዋት ሁልጊዜ ከፍተኛ ነው።»

«ዕለቱ እኮ ጊዮርጊስ ነው።»

«ቢሆንስ?»

ስርጉት ከወንበሯ ተነሣች። «እህቴ፣ እዚህ አገር በጊዮርጊስ ቀን ወፍጮ የሚያስነሳ ሰው የለም! ብቸና ብትይ ሞጣ ብትይ። ድሮ አንዱ ደፍሮ ሲያስፈጭ ቀበቶው ክንዱን ወሰደው ይባላል፤ እስካሁን ባለ ወፍጮዎቹ ቁልፉን እንኳ ከቤት ይዘው አይወጡም።»

«እኔ ጴንጤ ነኝ» አለች ጸደንያ። «ጊዮርጊስን ከሚካኤል አልለየውም። ማን ነገረኝ?»

ይህን ብላ ወደ ላፕቶፗ ዞረች። ከዚያ ጣቶቿ መፍጠን ጀመሩ።

«ወደ ደጀን የሚሄደውን መስመር ልየው። ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ ቦታ ነው። የሞጣው ላይ እውነተኛ ብልሽት ከደረሰ የደጀኑም ቮልቴጅ አብሮ መውረድ አለበት።» ከፍታ አየችው። «አልወረደም። ቀጥ ያለ ነው። ጭነቱም ቀጭን ነው። ወፍጮ የለም።»

«እና የሞጣው?»

«የነሐሴውን ልክፈተው፣ ዛፉ በመብረቅ የተመታ ዕለት ያለውን።»

ሁለቱን ግራፎች አንዱን ባንዱ ላይ ደረበቻቸው። አንድ ሆኑ። አንዷ ጥርስ እንኳ ከሌላዋ አልወጣችም።

«መንትያ ናቸው?» አልኩ።

«መንትያ እንኳ እንዲህ አይመሳሰልም። አንድ ፎቶ ሁለቴ ታጥቦ ነው። ኢንስፔክተር፣ ብልሽት አልነበረም። አንድ ሰው ከሩቅ በኮምፒውተር ገብቶ መስመሩን አጠፋው፣ የነሐሴውን መዝገብ ቀን ቀይሮ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። በገባበት በር መልሶ መብራቱን መልቀቅም ይችላል።»

«ገላው ይችላል?»

«ተረኛ ቁልፍ መጫን እንጂ ሳጥኑ ውስጥ መግባት አይችልም። የይለፍ ቃሉ ያለን ሁለት ሰዎች ነን። አንዷ እኔ ነኝ።»

«ሁለተኛውስ?»

መናገር አልፈለገችም። አለቃዋ ነው፣ ሥራ ያስተማራት እሱ ነው። «አቶ ደምለው» አለች በመጨረሻ።

እሷ ዕለቱን ደብረ ማርቆስ ስብሰባ ላይ እንደነበረች ስርጉት አጣርታ መጣች፤ መድረክ ላይ ቆማ ስትናገር አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቷታል።

ሞጣ ገባን። ስርጉት «እኔ መጀመሪያ ጊዮርጊስን ልሳለም» ብላ ከመኪናው ወረደች። የምትሳለም ብቻ አለመሆኑን አውቃለሁ። እኔ ወደ አቶ ደምለው ቢሮ ሄድኩ። ጎልማሳ ነው፣ ልብሱ ንጹሕ፣ አነጋገሩ ረጋ ያለ። ወንበር አቀረበልኝ።

«ለሥርዓቱ ያህል ነው የምጠይቅዎ» አልኩት። «መብራቱ ሲጠፋ የት ነበሩ?»

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ። ስብከት ላይ ሳለን መብራቱ ሲጠፋ ድምፅ ማጉያው ተቋረጠ። ሰባኪው በባዶ ድምፁ ቀጠለ። እኔ ያን ጊዜ ወጥቼ ለባየ ደወልኩለት፣ ሂድና እይ አልኩት።»

«ብልሽቱ የት እንደሆነ በምን አወቁ?»

«ሳጥኑ በስልኬ መልእክት ይልክልኛል።»

«ልክ ነው» አልኩ። ስለ ሞጣ ብርድ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤፍ ማውራት ጀመርኩ። እሱም መለሰልኝ። ባየን አንድ ጊዜም አላነሣውም።

ስርጉት ገባች። ግንባሯ ላይ እምነት ተቀብታለች። «አቶ ደምለው ስብከት ላይ ሳሉ መብራት ጠፍቶ ድምፅ ማጉያው ተቋርጦ ነበር» አልኳት።

«ኢንስፔክተር፣ የድምፅ ማጉያውን ልጆች አግኝቻቸዋለሁ። መብራት እያስቸገራቸው ዕለቱን ገና ከጠዋቱ በጄኔሬተር ነው የዋሉት። ድምፁ አንዴም አልተቋረጠም። መብራት መጥፋቱን ሰው ያወቀው ቤቱ ሲገባ ነው።»

አቶ ደምለው እኔን አየኝ፣ እሷን አየ። ከዚያ ጠረጴዛውን።

«ደምለው» አልኩት። እርስዎነቱን እዚያው ተውኩት። «ወፍጮ በሌለበት ቀን የወፍጮ ግራፍ አስገባህ። ስብከቱ ላይም አልነበርክም። ለምን ገደልከው?»

ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም።

«የትራንስፎርመር ዘይት እያስቀዳሁ እሸጥ ነበር» አለ። «አንዱ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ባየ ሊያየው ሄዶ ባዶ ሆኖ አገኘው፣ ሌብነቴን ደረሰበት።»

«ሊከስህ ነበር?»

«ቢከሰኝ ይሻል ነበር። ‹ጋሼ፣ መጀመሪያ የንስሐ አባትዎ ዘንድ ይሂዱ፣ ከዚያ ራስዎ ይናገሩ። እስከ ጥር ጊዮርጊስ እጠብቅዎታለሁ› አለኝ። እየጠበቀኝ ነበር። ባየኝ ቁጥር ‹ሄዱ ወይ?› ይለኛል። መክሰስ አይደለም፣ ሄዱ ወይ ብቻ።»

«በዚያው ዕለት ለምን?»

«ቀጠሮው ነው። ደግሞም ወፍጮ ቤቶቹ ዝግ ናቸው። በሌላ ቀን መብራት ጠፍቶ ቢሆን ባለ ወፍጮዎቹ በስልክ አያስቀምጡኝም። ያን ቀን ማንም አይደውልም ብዬ ነው።»

በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። ቀኑን የመረጠው ወፍጮው ዝም ስለሚል ነው፤ የለጠፈው ግራፍ ግን ወፍጮ የሚጮህበት የነሐሴ ቀን ነበር። ዝላዩን ብቻ ነው ያየው።

«ምሰሶው ላይ መውጣቱን በምን አወቅህ?»

«ደወለልኝ። ‹ወጣሁ ጋሼ፣ ቅርንጫፉ አይታየኝም› አለኝ። ‹ደህና አድርገህ እይ› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ተጫንኩት።» ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አንዴ ነካ አደረገ። «ምንም የተሰማኝ ነገር የለም ኢንስፔክተር። እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።»

ስርጉት ፊቷን አዞረች። እኔ ካቴናውን አወጣሁ። የሰውየውን ድንዛዜ ሳየው የራሴ መሰለኝና ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ።

«ገላው ሊገደልበት መሆኑን ታውቅ ነበር?»

«ስለ ገላው አላሰብኩም።»

ብቸና ስንመለስ የባየን አጎትና የአጎት ልጆች ጣቢያ አስጠራኋቸው። ጸደንያ ሁለቱን ግራፎች አትማ መጥታ መስኮቱ ላይ በብርሃን ደረበቻቸው፤ ወፍራሙ መስመር የወፍጮ መሆኑንም ነገረቻቸው። አጎትየው ከዘራቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩ።

«ይኼ የነሐሴ ነው፣ ይኼ የጥር ጊዮርጊስ ነው አይደል?» አሉ።

«አዎ አባቴ።»

«በጊዮርጊስ ወፍጮ የለም።»

«የለም።»

ወደ ልጆቹ ዞሩ። «በሉ ያንን ብረት ቤት አስቀምጣችሁ ኑ» አሏቸው። ልጆቹ ወጡ።

ገላውን አስፈታሁት። ግቢው ውስጥ ፋንታነሽ ቆማለች። ገላው ሲያያት ቆመ፣ አልቀረባትም። ጢሙ አድጓል፣ የጫማው ማሰሪያ ተወስዶበት ጫማውን ይጎትታል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ቷ ሲል ሰምተሃል። ለምን ወዲያው መልሰህ አላጠፋኸውም?»

«ደወልኩለት።»

«እ?»

«እጄ ወደ ማጥፊያው አልሄደም፣ ወደ ስልኩ ሄደ። ድምፁን ልሰማ ብዬ። ጠራ፣ ጠራ። አላነሣም። ከዚያ ነው ያጠፋሁት።»

«ወዲያው ነው የሞተው ብሏል ሐኪሙ» አልኩ እኔ። የሰማኝ የለም።

ፋንታነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። ሄዳ እጁን ያዘችው።

«ና» አለችው። «ለቅሶ አልደረስክም።»

ገላው አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሌላም ጨመረ። ከዚያ በሩ ላይ እጆቹን ራሱ ላይ ጭኖ «ወይኔ ባየ! ወይኔ ወንድም ጋሻዬ!» ብሎ ጮኸ። አጎትየው ከዘራቸውን ጥለው ደገፉት። እንደዚያው እየጮኸ፣ እሷም እየጮኸች፣ ተያይዘው ወደ ሐዘኑ ቤት ወጡ።

እኔ ቆሜ አያቸው ነበር። ስርጉት መጥታ መሐረብ ዘረጋችልኝ።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ለእርስዎ» አለችኝ።